ለሰው የሚሆን ቦታ

«እሷም ብትሆን እግሯን ባልዲ ውስጥ ከታ ነው የምትሄደው። ጀልባዋ ለሰው የሚሆን ቦታ የላትም አልኩ፤ አለቀ።»

ይህ የወንድሟ ድምፅ ቅዳሜ ጠዋት ግድግዳውን አልፎ ሲመጣ ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯ መሃል መርፌዎች ነክሳ የአንዲት ደንበኛን ቀሚስ ጠርዝ እያጠፈች ነበር። እግሯ የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ደርቆ ቀረ። የእሷን ክፍልና የወንድሟን ቤት የሚለየው ግድግዳ ለስሙ ግድግዳ ይባል እንጂ እንኳን ንግግር ማስነጠስም አያግድም፤ ከወዲያ ሲያስነጥሱ ከወዲህ «ይማርህ» ማለት የተለመደ ነው። ግን በዚያ ግድግዳ የሚመጣው ዘወትር የወንድሟ ሚስት ድምፅ ነው። ወንድሟ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ከአናቱ በላይ «ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት የሸበተ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ጽሑፉን እዚያው ቢተወውም ዝምታውን ግን ይዞት ወደ ቤት ገባ። ሚስቱ ደግሞ ያንን ጽሑፍ አንድም ቀን አንብባው አታውቅም። እሷን ከሠርጓ ዕለት ጀምሮ ሰፈሩ «ሙሽሪት» ይላታል፤ ልጆቿ አድገው፣ አግብተው ከቤት ቢወጡም ስሙ ከላይዋ አልወረደም። እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ሹፌሩ አፉን ከፍቶ ይህን ያህል ከተናገረ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው። ሙሽሪት ምን ብላው እንደነበር፣ ምንስ እንደመለሰችለት አልተሰማም፤ መታጠቢያ ቤት ውኃ ከፍታ ስለነበር ድምፅዋ ከውኃው ጋር ተደባልቆ ፈሰሰ።

ልብስ ሰፊዋ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ እየነቀለች መርፌ መሰኪያው ላይ ሰካች። ጀልባዋ የአባታቸው ናት። ሲሞት «ለሁለታችሁ» ብሎ የተዋት፣ ከከተማው ጫፍ ካለው ሐይቅ ዳር የምትታሰር፣ ቀለሟ የተላላጠ ትንሽ የእንጨት ጀልባ። ወንድምና እህት በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ አብረው ዓሣ ሊያጠምዱ ይወጣሉ። እሱ መሃል ተቀምጦ እንደ አውቶቡሱ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ይቀዝፋል፤ እሷ ከኋላ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። ከፊት መረቡ ይቆለላል፣ የማጥመጃ ዘንጎቹ እንደ ማገዶ ወለሉ ላይ ይጋደማሉ፣ መልህቁ ከነገመዱ እንደ እባብ ተጠቅልሎ መሃሉን ይይዛል፣ የመንጠቆና የክር ማጥለቂያ እርሳስ ቆርቆሮዎች በየአግዳሚው ሥር ይንከባለላሉ። በዚህ ሁሉ መሃል ባዶ ሆኖ የሚገኘው ባልዲው ውስጥ ያለው ቦታ ብቻ ስለሆነ እግሯን እዚያ ታሳርፋለች። ዓሣ የተያዘ እንደሆነ ባልዲው ለዓሣው ይለቀቅና እሷ እንደ ቆጥ ላይ ዶሮ እግሯን ሰብስባ ትቀመጣለች፤ ስለዚህ ብዙ ዓሣ እንዲያዝ አጥብቃ ተመኝታ አታውቅም። እንዲያም ሆኖ ቅዳሜ ከሰዓት ማንም «ወገቤ ጋ ጠበበኝ» የማይላት፣ ማንም «መቼ ይደርሳል» የማይላት ሰዓቷ ነበር። ለወንድሟም ቢሆን መቼም አጉረምርማ አታውቅም። እና አሁን ያቺኑ ባልዲ ቀናባት?

ሄዳ መጠየቅ ትችል ነበር፤ በሩ ከበሯ አጠገብ ነው። ግን በእነሱ ቤት ነገር በዓይን ይገባል እንጂ በአፍ አይወጣም፤ አባታቸውም እንደዚያ ነበር፣ የአባታቸውም አባት እንደዚያ ነበር ይባላል። ሆድ ከአገር ይሰፋል እየተባለ ያደገ ሰው፣ አለች በሆዷ፣ ለአንዲት እህቱ ጀልባ ይጠበዋል? ተነሥታ ቀሚሱን መስቀያ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ቆም ብላ አየችው። ቀሚሱም የመጣው ጠበበኝ ተብሎ ነው። ጠበበ የተባለ ልብስ አይጣልም፤ ስፌቱ ይለቀቃል። ሰውየው ያለው ቦታ የለም ነው። እንግዲያው ቦታ ይወለዳል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚል እናያለን።

ምድር ቤት ያለው ቧንቧ ሠራተኛ የተቆራረጠ የፕላስቲክ ቱቦ ስትጠይቀው ሽንት ቤት ልታስገባ መስሎት እጅጌውን ጠቀለለ። ጀልባ ላይ መሆኑን ስትነግረው ደግሞ፣ ለጀልባ ሽንት ቤት ምን ያስፈልጋታል፣ ዙሪያዋ ሁሉ ውኃ አይደል ወይ ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። የሱሪውን ዚፕ ልትቀይርለት ተስማምተው ቱቦውን በልኳ ቆረጠላት፤ የእጅ መሰርሰሪያውን፣ ካቻቢቴውንና አንድ እፍኝ ብሎንም ጨምሮ አዋሳት። ከራሷ ቤት አሮጌ የአልጋ ርብራብ አወጣች፤ የመጋረጃዋንም ዘንግ ነቀለች፤ መጋረጃውን በመርፌ ግድግዳው ላይ ሰክታው ወጣች። ከስፌት መኪናው ሥር ደግሞ ድሮ የሱቅ ጥላ የነበረ ወፍራም ሸራ ነበራት። እሱን ቀድዳ፣ እያንዳንዱን ዕቃ በዓይነ ሕሊናዋ እየለካች፣ ኪስ በኪስ አድርጋ ሰፋችው፤ ለመንጠቆው ጠባብ፣ ለእርሳሱ አጭርና ድርብ፣ ለተንሳፋፊው ሰፊ፣ ለቢላዋው ረጅም። ሚኒባስ ላይ ስትወጣ ረዳቱ ቱቦውንና ርብራቡን አይቶ የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቃት። አንድ ነኝ ብትለው ቱቦው ተቀምጧል አላት፤ እውነትም ከአጠገቧ ወንበር ተደግፎ እንደ ሰው ተቀምጦ ነበር። ከፈለች። ሲወርዱም ረዳቱ ለቱቦው በሩን ያዘለት።

ሐይቁ ዳር ጀልባዎቹን የሚጠብቀው ሽማግሌ ስሙ «እኔ ብሆን» ነው። ሌላ ስም ይኖረው ይሆናል፤ ግን ማንኛውንም ንግግር በዚያ ስለሚጀምር ሌላውን የሚያስታውስ የለም። ሥራ ሲያይ ወንበሩን ወደ ሥራው ያስጠጋል፤ እጁን ግን ከጉልበቱ ላይ አያነሣም። ልብስ ሰፊዋ የጀልባዋን ዕቃ በሙሉ አውጥታ አሸዋው ላይ ስትደረድር ወንበሩን ይዞ መጣ።

«እኔ ብሆን ብሎን አልጠቀምም» አላት።

«ታዲያ በምን ያያይዙት ነበር?»

«እኔ ብሆን መጀመሪያውኑ አልጀምረውም።»

ዕቃው ሲወጣ የጀልባዋ ወለል ከስንት ዓመት በኋላ ፀሐይ አየ። ልብስ ሰፊዋ ባልዲውን ልታጥበው ስታገላብጠው አፉ ዙሪያ ጣቷን አንዳች ለስላሳ ነገር ነካው። የውኃ ጎማ በቁመቱ ተሰንጥቆ፣ የባልዲው ከንፈር ላይ ተጎንጉኖ፣ በሽቦ ተጠምዝዞ ታስሯል፤ የሽቦውም ጫፍ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ተመልሷል። ባልዲውን ስታየው ኖራለች፤ ይህን ግን አስተውላው አታውቅም። ዓሣ መቼም ቅልጥሜ ተላጠ ብሎ አያማርርም። ይህን ያደረገው ሰው ስለ ማን እግር ብሎ ነው? ትንሽ ቆማ አሰበች፤ ጠዋት ከሰማችው ጋር አልገጥም አላት። እጅጌ ከትከሻ ጋር አልገጥም ሲላት እንደምታደርገው ለጊዜው ወደ ጎን አኖረችውና ሥራዋን ቀጠለች።

የአልጋውን ርብራብ ጀልባዋ ጎን ላይ ካሉት የእንጨት አጥንቶች ጋር ልታያይዝ መሰርሰሪያውን ዝቅ አድርጋ ስትደግን ሽማግሌው ሳል ያዘው። እሱ ቢሆን ውኃ ከሚደርስበት በታች ያለ እንጨት እንደማይበሳ ነገራት። ይህ ምናልባት በዘመኑ ከሰጠው ምክር ሁሉ ረብ ያለው ብቸኛው ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ርብራቡን ከፍ አድርጋ ከላይኛው ጠርዝ ሥር አሰረችው፤ ብሎኑም ወዲያ ማዶ እንዳይወጣ አጭር አጭሩን መረጠች። ቱቦዎቹን በቁማቸው ርብራቡ ላይ ደረደረች፤ አፋቸው የዘንጉን እጀታ እንዲቀበል ሰፋ፣ ከታች የገባው ውኃ እንዲወጣ ክፍት። ዘንጎቹን አንድ በአንድ ስትሰካቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። ከኋላ አግዳሚው ሥር ባለ ኪሱን ሸራ ዘረጋችው፤ የመጋረጃውን ዘንግ በፊተኛው ጫፍ አጋድማ መረቡን እንደ ልብስ ሰቀለችው፤ መልህቁን ከነገመዱ አሮጌ ድስት ውስጥ ከትታ ድስቱን በላስቲክ ቀፍድዳ አሰረችው። ስትጨርስ ወደ ኋላ ሄዳ አየችው። ሙሽራ የምትለብሰውን ቀሚስ ለመጀመሪያ ጊዜ መስቀያ ላይ ስታይ እንደሚሰማት ዓይነት ነገር ተሰማት።

ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ። ጀልባዋ ገና አሸዋው ላይ እያለች ልትሞክራት ወንድሟ ቦታ ተቀመጠችና መቅዘፊያዎቹን ያዘች። የወንድሟን የክንድ ልክ ሸሚዙን ስትሰፋ ስለኖረች በቃሏ ታውቀዋለች፤ በራሷ ክንድ ልክ ላይ ስንት መጨመር እንዳለባት አስልታ፣ ጎንበስ ብላ አንዴ ስትቀዝፍ የመቅዘፊያው እጀታ ቱቦውን ኳ አደረገው፤ አንደኛው ዘንግ ተነቅሎ በረረና ሽማግሌው እግር ሥር ወደቀ። ሽማግሌው ዘንጉን ትኩር ብሎ አየው እንጂ አላነሣውም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር፤ አሁን ግን መዳፏን ገልብጣ አየችው። ያን ሁሉ ብሎን የፈተለ መዳፏ ውኃ ቋጥሯል። እንዲህ ሆኖ ቢያገኘው ወንድሟ ምንም አይላትም፤ ዝም ብሎ ይቀመጥና ኳ፣ ኳ እያደረገ ይቀዝፋል፤ ያ ዝምታ ደግሞ ከስድብ ይከፋል። የተሰፋ መፍታት ከመስፋት እንደሚከብድ የምታውቅ ሴት ናትና ተነፈሰች፤ ካቻቢቴውን አነሣች፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታች፤ ርብራቡን ከነቱቦዎቹ ከመቅዘፊያው ኋላ፣ ከራሷ አግዳሚ አጠገብ አዛወረችው። ያን የፈታችውን ቀዳዳ በሰም ደፈነችው። እንደገና ተቀምጣ ቀዘፈች፤ መቅዘፊያው አየሩን ብቻ እየቆረጠ አለፈ። ወለሉ ላይ ምንም አልነበረም። እግሯን ዘረጋች፤ ዘረጋችው፤ የሚነካው አጣ።

ደስታዋ ያን ጊዜ አሳሳታት። ብቻዬን ባሳየው ለራሴ ብቻ የሠራሁት ነው የሚመስለው፣ ምስክር ያስፈልገኛል ብላ አሰበችና ለሙሽሪት ስልክ ደወለች። ጀልባዋ ሰው ትችል እንደሆን አንቺ ራስሽ መጥተሽ ፍረጂ አለቻት። ሙሽሪት ስልክ ላይ ዝም ስትል ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ከዚያ «መጣሁ» ብላ ዘጋችው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ይህ ራሱ ልብስ ሰፊዋን ማስጠርጠር ነበረበት።

ሙሽሪት ስትመጣ ጃንጥላ ይዛለች፣ በብብቷ ትራስ ሸጉጣለች፣ በሌላው እጇ የሻይ ቴርሞስ አንጠልጥላለች፤ ራሷ ላይ ያሰረችው ሻሽ አዲስ ነው። ጀልባዋን ዞራ ዞራ አየቻት፤ ኪሶቹን በጣቷ ከፈት ከፈት አደረገች፤ ዘንጎቹን ነካካች፤ ወለሉን አይታ ደግሞ ወደ ላይ ቀና ብላ «ተመስገን» አለች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ትራሷን ከፊት አግዳሚው ላይ አድርጋ ገብታ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ የራሷን ልክ ታውቃለች፣ የወንድሟን ሱሪ ስትሰፋ የወገቡን ልክ ታውቃለች፤ ሁለቱን አስልታ ነው ቦታውን የሠራችው። የሙሽሪትንም ልክ ቢሆን ደህና አድርጋ ታውቀዋለች፤ ግን በሒሳቡ ውስጥ አላስገባችውም ነበር።

ሹፌሩ ኮፍያውን አድርጎ ሲደርስ መጀመሪያ ያየው ጃንጥላውን ነው። ቆመ። ቀይ መብራት ላይ እንደሚቆመው፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይነበብ ቆመ። ዓይኑ ከጃንጥላው ወደ ሚስቱ፣ ከሚስቱ ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ ቱቦዎቹ ሄደ።

«ቦታ የለም እያልክ ስታኖረኝ የኖርከው እዚህ ላይ ነው?» አለችው ሙሽሪት። «ዛሬ ጠዋት እንኳ ጥርሴን እየቦረሽኩ ስለምንህ የመለስክልኝን ረሳኸው? እህትህ እኮ በግማሽ ቀን አስፋችው።»

ልብስ ሰፊዋ ራሷ የምትገባበት ስላጣች ካቻቢቴውን ኪሷ ውስጥ አስገባች። ጠዋት የውኃው ድምፅ የዋጠው ግማሽ ንግግር አሁን ተገኘ። ባልዲው አፍ ላይ የተጠቀለለውም ጎማ በቦታው ገባ። ወንድሟ ገመድ ልፍታ በሚል ሰበብ በዓይኑ ጠርቷት ወደ እንጨቱ ችካል ሄደ፤ ተከተለችው። ሁለቱም ቋጠሮው ላይ አጎነበሱ።

«ምን አድርጌሽ ነው?» አላት ቀስ ብሎ።

«ሰማሁሃ፣ ወንድም ጋሼ። ለሰው የሚሆን ቦታ የላትም ስትል። እኔን መስሎኝ።»

ቀና ብሎ ብዙ አያት። ሹፌሩ ሰውን ፊት ለፊት ማየት ብዙም አልለመደም፤ በመስተዋት ነው ሰው ሲያይ የኖረው።

«አንቺን ማን ሰው አለሽ?» አላት። «ሰው ስል ሌላ ሰው ማለቴ ነው። አንቺ እህቴ አይደለሽም?»

 ወደ ጀልባዋ ሲመለስ አንዱን ዘንግ ከቱቦው መዘዝ አደረገና መልሶ ሰካው፤ እንደገና መዘዘው፤ እንደገና ሰካው። ላስቲኩን ስቦ ለቀቀው። ከንፈሩ ዳር ላይ የሆነች ነገር ልትወጣ ፈልጋ ተመለሰች። ከዚያ ሚስቱን አይቶ ተነፈሰ፤ ገባና መቅዘፊያውን ያዘ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ገፋ አድርጋ ዘልላ ገባች። ጀልባዋ ከወትሮው ጠለቅ ብላ ተቀመጠች፤ ሽማግሌው ከዳር ሆኖ እሱ ቢሆን ትራሱን ትቶ እንደሚሄድ ጮኾ ነገራቸው።

ሙሽሪት ከዳር እስከ ሸምበቆው ድረስ ስለ ቧንቧ ሠራተኛው ዚፕ ተናገረች፤ ከሸምበቆው እስከ ጥልቁ ውኃ ድረስ ስለ ትልቁ ልጇ አማች ተናገረች። የወንድሟ ጆሮ ቀስ በቀስ ሲቀላ ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ታያለች። እሱ ለእነዚህ ሁለት ሰዓታት ሲል ስንት ዓመት ዕቃውን ወለል ላይ በትኖ እንደኖረ አሁን ገብቷታል፤ ያን ዕቃ በገዛ እጇ በየኪሱ ከታ ሰብስባዋለች። ይቅርታ ልትለው ፈለገች፤ ግን መሃል የሚገባበት ክፍተት አልነበረም። እንዲህ እንዳሉ ዳሩ ራቀ። ቤቶቹ ክብሪት ሣጥን አከሉ። ሙሽሪት ስለ ልጇ አማች ጀምራ የነበረውን ሳትጨርስ ወደ ጎን አየች፤ ውኃው ጥቁር ሆኗል። ጃንጥላዋን ዘጋች። በሁለት እጇ አግዳሚውን ጨበጠች። ዝም አለች።

ሹፌሩ መቅዘፉን አቆመ። ሲመኘው የኖረው ዝምታ ይኸው መጣለት፤ ግን ልክ እንዳልሆነ ሸሚዝ ትከሻው ላይ አልቀመጥ አለው። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ሚስቱን አያት።

«ምነው?»

«ምንም። ስር የለውም እንዴ?» ድምፅዋ ቀጥኗል። «ቤቱም እንዲህ ነው፣ እናንተ ቅዳሜ ስትወጡ። ጭር ሲል እኮ ነው የማወራው።»

ሹፌሩ ስር አለው አላት። ከዚያ፣ ያ ስለማይበቃ ይመስላል፣ ጥልቀቱን ነገራት። ከዚያ ያ ማዶ ያለው ነጭ ነገር ወፍ መሆኑን ነገራት። ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋን አላመነችም። ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገና፣ በየማለዳው በመጀመሪያው አውቶቡስ አውራ ዶሮ ይዞ ስለሚሳፈር አንድ ሰውዬ ማውራት ጀመረ፤ ዶሮው በየፌርማታው እንዴት እንደሚጮኽ፣ ተሳፋሪው ፌርማታ መጥራት ትቶ በዶሮው መውረድ እንደጀመረ፣ ዶሮው የታመመ ዕለት ግማሹ አውቶቡስ ሳይወርድ እስከ መጨረሻው እንደሄደ። እጁን ከመቅዘፊያው አንሥቶ የዶሮውን አንገት አሳየ። ሙሽሪት አግዳሚውን የጨበጠችበትን እጅ ለቀቀች።

«ይሄን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ስትጨርሺ እየጠበቅኩ ነበር።»

ሙሽሪት ሳቋ ፈንድቶ ጀልባዋን አወዛወዘቻት። እሱም ሳቀ፤ ልብስ ሰፊዋ ወንድሟ ሲስቅ ትከሻው እንደ አባታቸው እንደሚነቃነቅ ረስታው ኖሯል። ከዚያ ዶሮው ምን ሆነ ብላ ሙሽሪት ጠየቀች፤ ሹፌሩም ቀጠለ፣ ለካ ዶሮው መጀመሪያው ነው። ልክ ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ቅድም በጣለችው ክር ላይ ያለው ተንሳፋፊ አንዴ ጠለቀ፤ ሁለተኛ ጠለቀ፤ ዘንጉ በእጇ ውስጥ ጎበጠ። ከባድ ነው፤ እስከ ዛሬ ከያዟቸው ሁሉ ይከብዳል። ልትጮኽ አፏን ከፈተች። ወንድሟ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ሁለት እጁን አየር ላይ አድርጎ፣ ሰውዬው ዶሮውን ለምኖ ከተሳፋሪው ጋር ሲያስታርቀው እያሳየ ነበር።

አፏን መልሳ ዘጋች። እግሯን በባዶው ወለል ላይ አንፈራጣ ተደላደለችና፣ ዓሣው ትንሽ ይዙር ብላ ክሩን ቀስ አድርጋ ለቀቀችለት።